አጭር ልብ ወለድ ከምን ከምን ይሠራል?

የዛሬው የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት የሚያተኩረው አጭር ልብ ወለድ በሚሠራባቸው መሠረታዊ ነገሮች፣ ማለትም በሥነ ጽሑፍ ትምህርት አላባውያን ተብለው በሚጠሩት ላይ ነው። አላባ የአንድ ሙሉ ነገር መሥሪያ ክፍል ማለት ሲሆን፣ በአጭር ልብ ወለድ ረገድ በብዛት የሚጠቀሱት ታሪክና ትልም፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ አንጻር፣ ቃለ ምልልስና ጭብጥ ናቸው። ስሞቹን በሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ ትምህርት ውስጥ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡት በየተራ ተቆጥረውና ለእያንዳንዳቸው ፍች ተሰጥቶ ለፈተና እንዲሸመደዱ በመሆኑ፣ ተማሪው ዝርዝሩን ይዞ ይወጣና አንድ ታሪክ ሲያነብ ዝርዝሩ ምን እንደሚጠቅመው ግራ ይገባዋል። በረጅም ልብ ወለድ ውስጥ እያንዳንዱ አላባ ሰፊ ቦታ አግኝቶ ለብቻው ሊሠራ ይችላል፤ በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ግን ቦታ ስለሌለ አንዱ አላባ የሌላውን ሥራ ደርቦ ለመሥራት ይገደዳል። ቦታው ሰውየውን ይገልጻል፣ የአንድ ዕቃ ዋጋ ግጭቱን ይናገራል፣ የተራኪው አቋቋም ጭብጡን ይሸከማል። ይህን መደራረብ ላላየ ሰው አጭር ልብ ወለድን በሚገባ ማንበብም ሆነ መጻፍ አስቸጋሪ ነው።

አጭር ልብ ወለድ የሚለው መጠሪያ በቅድሚያ የሚጠቁመው ርዝመትን ነው። ርዝመቱን በቃላት ብዛት ለመወሰን የሞከሩ ሰዎች ቢኖሩም፣ አሜሪካዊው ደራሲና ሐያሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 የናትናኤል ሆቶርንን የታሪኮች መድበል ሲገመግም የተጠቀመበት መለኪያ እስከ ዛሬ ድረስ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። የፖ መለኪያ ከገጽ ይልቅ የንባብ ጊዜ ነበር፤ አንባቢው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣና ሌላ ጉዳይ ሳያቋርጠው የሚጨርሰው ጽሑፍ፣ በመካከል የሚገባ የኑሮ ጣጣ ስለሌለበት፣ ደራሲው የአንባቢውን ስሜት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ እንዲይዝ ዕድል ይሰጠዋል። ስለሆነም ደራሲው ነጠላ ውጤት የሚባለውን፣ ማለትም ታሪኩ ሲያልቅ በአንባቢው ዘንድ እንዲቀር የሚፈልገውን አንድ ስሜት፣ አስቀድሞ መርጦ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ለዚያ ማስገዛት አለበት። የሬዲዮ አድማጭ ይህን ልዩነት በቅርብ ያውቀዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በተከታታይ ሲተረክ፣ አድማጩ በአንዱ ክፍልና በሌላው መካከል የራሱን ኑሮ እየኖረ፣ የሚመጣውንም እየገመተ ይቆይ ነበር፤ አጭር ልብ ወለድ ግን በአንድ ዝግጅት ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ በመሆኑ ለግምት ፋታ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ተረትስ ለምን አጭር ልብ ወለድ አይባልም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተረትም በአንድ ተቀምጦ ያልቃል፣ በአንድ ነገር ላይም ያተኩራል። ልዩነቱ ያለው በአላባውያኑ አያያዝ ላይ ነው። ተረት ከዕለታት አንድ ቀን ብሎ ሲነሣ ቀኑ የትኛው፣ አገሩም የት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ጦጣዋ ብልጥ፣ ጅቡ ሆዳም፣ አንበሳው ኃይለኛ ሆነው ገብተው እንደገቡ ይወጣሉ። አጭር ልብ ወለድ ግን የሚነሣው አንድን የተለየ ሰው በተለየ ጊዜና ቦታ በማቆም ነው። በአማርኛ ይህ ዓይነቱ ድርሰት ከተረትም ከምክር አዘል ጽሑፍም ተለይቶ ራሱን እንዲችል በማድረግ ረገድ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ታደሰ ሊበን ሲሆን፣ በ1949 ዓ.ም. መስከረም፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው መንገድ የተሰኙትን መድበሎች አሳትሟል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ ሮም ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1908 መሆኑ ሲታሰብ፣ አጭሩ በመድበል ደረጃ ወግ የያዘው ከረጅሙ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህም ማሳጠር ከማስረዘም ይቀላል ለሚሉ ሰዎች በቂ መልስ ሳይሆን አይቀርም።

ከአላባውያን መካከል በቅድሚያ የሚነሡት ታሪክና ትልም ናቸው። ታሪክ የድርጊቶች በጊዜ ቅደም ተከተል መደርደር ሲሆን፣ አንዳንዶች ሴራ የሚሉት ትልም ደግሞ ድርጊቶቹን በምክንያትና በውጤት የሚያስተሳስረው ዕቅድ ነው። "አንድ ገበሬ በሬውን ሸጠ፤ ከዚያም ልጁ ወደ ከተማ ሄደ" ቢባል ሁለት ድርጊቶች ተከታተሉ እንጂ አልተሳሰሩም፤ "አንድ ገበሬ ልጁን ከተማ ልኮ ለማስተማር በሬውን ሸጠ" ሲባል ግን አንዱ ድርጊት ሌላውን ስለወለደው ትልም ተገኘ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው የልብ ወለድ ጥናቱ እንዳስረዳው፣ ታሪክ በአንባቢው ላይ የሚቀሰቅሰው ጥያቄ "ከዚያስ?" የሚል ሲሆን ትልም የሚቀሰቅሰው ግን "ለምን?" የሚል ነው።

በዚያው ዐረፍተ ነገር ላይ "በሰኔ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ቢጨመር ምን እንደሚፈጠር ማየት ይገባል። ገበሬው በሬውን የሸጠው መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ጥማድ በሚጠብቅበት ወር ከሆነ፣ ውሳኔው የቤተሰቡን የዓመት ቀለብ የሚነካ ይሆናል። አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ አባትየው የሚያቀናጀው ፍለጋ የጎረቤት ደጅ ሊጠና ነው፤ ጎረቤቱ አስቀድሞ የራሱን ማሳ ያርሳል፤ የእናትየው ዝምታም ሆነ ቁጣ፣ ልጁ ከተማ ገብቶ ፈተና ቢወድቅ የሚሰማው ዕዳ ሁሉ በዚያች አንዲት የወር ስም ውስጥ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሰኔ ጊዜን የሚያመለክት ቃል በመሆኑ የመቼት ወገን ነው፤ የሠራው ሥራ ግን የግጭትና የገጸ ባሕርይ ሥራ ነው። መቼት ማለት ታሪኩ መቼና የት እንደተፈጸመ የሚያሳውቅ አላባ ሲሆን፣ ከሰዓትና ከቦታ ስም አልፎ የአካባቢውን ወግ፣ የኑሮ ደረጃ፣ የአየር ጠባይና የሥራ ወቅት ሁሉ ይጨምራል። ጀማሪ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የታሪካቸውን መክፈቻ በፀሐይ አወጣጥና በወፎች ጫጫታ የሚሞሉት መቼት ጌጥ መስሏቸው ነው፤ ነገር ግን ሰኔ በሚለው ቃል እንደታየው፣ የሚሠራ መቼት የአንድን ሰው ምርጫ የሚያጠብ ወይም የሚያከብድ መሆን አለበት።

ይህን በተጠናቀቀ ሥራ ላይ ለማየት ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1884 ለ ጎልዋ በተባለ የፓሪስ ጋዜጣ ላይ ያሳተመው፣ በአማርኛ የአንገት ጌጡ ሊባል የሚችለው ታሪክ ይረዳል። ማቲልድ ልዋዜል የትምህርት ሚኒስቴር ዝቅተኛ ሠራተኛ ሚስት ናት፤ ኑሮዋን የምትጠላ፣ በባለጸጎች አዳራሽ በሐሳቧ የምትኖር ሴት ናት። ባልዋ ከሚኒስትሩ ቤት የግብዣ ጥሪ ሲያመጣላት የምትለብሰው የለኝም ብላ ታለቅሳለች፤ እሱም ጠመንጃ ሊገዛበት ያጠራቀመውን 400 ፍራንክ ለልብስ ይሰጣታል፤ ጌጥ ደግሞ ከሀብታም ጓደኛዋ ከወይዘሮ ፎሬስቲዬ ትዋሳለች። ከግብዣው ስትመለስ ጌጡ ከአንገቷ ላይ የለም። ባልና ሚስቱ ጠፋብን ለማለት አፍረው ተመሳሳዩን በ36,000 ፍራንክ ይገዛሉ፤ ግማሹን ባልየው ከአባቱ ከወረሰው 18,000 ፍራንክ፣ ቀሪውን ከየአበዳሪው ተበድረው ይከፍላሉ፤ ዕዳውን ለመጨረስም አሥር ዓመት ይፈጅባቸዋል። በመጨረሻ ማቲልድ ጎስቁላና አርጅታ ጓደኛዋን መንገድ ላይ አግኝታ እውነቱን ስትነግራት፣ የተዋሰችው ጌጥ አርቴፊሻል እንደነበረና ከ500 ፍራንክ እንደማይበልጥ ትሰማለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የገንዘብ መጠኖች ምን ያህል ሥራ እንደሚሠሩ ልብ ይሏል። 400 ፍራንኩ የባልየውን የዋህነትና የሚስትየውን አቆጣጠር አንድ ላይ ይገልጻል፤ ምክንያቱም ማቲልድ መጠኑን የተናገረችው ባልዋ ደንግጦ እምቢ እንዳይል አስልታ ነው። 36,000ው ደግሞ የትልሙ ማጠፊያ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አሥር ዓመት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ያስረዳል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው 500 ከ36,000 ጋር ሲነጻጸር የሚሰማው ድንጋጤ ከቃላት ሳይሆን ከልዩነቱ ስለሚመጣ፣ ደራሲው ከዚያ በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ሳይጨምር ታሪኩን ይዘጋል።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ዝና ግን የታሪኩን ሌላ ብልሃት ሸፍኖታል። ሞፓሳን ንግር የሚባለውን ዘዴ፣ ማለትም የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ በጭላንጭል የማመልከት ዘዴ፣ በጥንቃቄ ተክሎታል። ወይዘሮ ፎሬስቲዬ ጌጡን ያዋሰችው ለአፍታ እንኳ ሳታቅማማ ነው፤ ባልና ሚስቱ በጌጡ ማኅደር ውስጥ ስሙ ተጽፎ ያገኙት ጌጣጌጥ ሻጭ እሱ የሸጠው ማኅደሩን ብቻ እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ ወይዘሮዋም የተመለሰላትን ማኅደር ከፍታ አታይም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው እነዚህን ነጥቦች ያልፋቸዋል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ ግን እውነቱ ከፊቱ ተቀምጦ እንደነበረ ይገነዘባል። ድንገተኛ ፍጻሜ ሐቀኛ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው፤ ቀድሞ ያልተተከለ ድንገተኛ ፍጻሜ ማታለል ነው። ከዚህም በላይ የታሪኩ እውነተኛ ክብደት ያለው ከፍጻሜው በፊት ባሉት፣ ማቲልድ ልብስ ስታጥብ፣ ውኃ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣና ከነጋዴ ጋር ስትከራከር በሚያሳዩት ጥቂት አንቀጾች ላይ ነው። አሥር ዓመት በአንድ ገጽ ማለፉ አጭር ልብ ወለድ ጊዜን እንዴት እንደሚያጥፍ ከሚያሳዩ ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ግጭት የትልም ሞተር ነው፤ ሰው የሚፈልገውና የሚከለክለው ነገር ሲጋጠሙ ይፈጠራል። የመማሪያ መጻሕፍት ሰው ከሰው፣ ሰው ከተፈጥሮ፣ ሰው ከኅብረተሰብ፣ ሰው ከራሱ እያሉ ይከፋፍሉታል፤ ክፍፍሉ ለመማሪያ ቢጠቅምም ጥሩ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ የሆነውን ይዞ ስለሚገኝ ከዚህ በላይ ሊታመንበት አይገባም። ግጭቱ እየከረረ ሄዶ የሚደርስበት ከፍተኛ ነጥብ ጡዘት ይባላል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ለተውኔት ያዘጋጀው የአምስት ደረጃ ንድፍ፣ ከትውውቅ ተነሥቶ ወደ ጡዘት የሚወጣውና ወደ እልባት የሚወርደው፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ለአጭር ልብ ወለድም እንዲሁ እንዳለ ይሰጣል። አጭር ልብ ወለድ ግን ብዙውን ጊዜ ትውውቁን ዘልሎ ከመካከል ይነሣል፤ የሞፓሳን ታሪክም እንደታየው ጡዘቱንና ፍጻሜውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያጣምራል።

ገጸ ባሕርይን በተመለከተ ከሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ የተሻለ መምህር ማግኘት ያዳግታል። ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1884 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀ ሐኪም ሲሆን፣ በወጣትነቱ ቤተሰቡን ለመርዳት በቀልድ መጽሔቶች ላይ ይጽፍ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የኦስኮልኪ መጽሔት አዘጋጅ ኒኮላይ ሌይኪን ለአንድ ታሪክ የሚፈቅደው 100 መስመር ገደማ ብቻ ነበር። ቼኾቭ በዚህ ጥበት ቢማረርም ቁጥብነትን፣ ማለትም በጥቂት ቃል ብዙ የማለትን ችሎታ፣ የተማረው በአብዛኛው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው፣ ትካዜ ሊባል የሚችለው ታሪክ፣ ልጁ በዚያው ሳምንት የሞተበትን ዮና ፖታፖቭ የተባለ ሽማግሌ ባለጋሪ ይከተላል። ዮና በፒተርስበርግ ምሽት፣ ርጥብ በረዶ በሚወርድበት ሰዓት፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ ተቀምጧል። አንድ መኮንን ይሳፈራል፤ ዮና የልጁን ሞት ሊነግረው ይጀምራል፤ መኮንኑ በምን ሞተ ብሎ ከጠየቀ በኋላ ዓይኑን ይጨፍናል። ሦስት ጎረምሶች ይሳፈራሉ፤ እርስ በርሳቸው እየተሰዳደቡ ዮናንም ይሰድቡታል፤ ስለ ልጁ ሲነግራቸውም አንደኛው ሁላችንም ሟች ነን የሚል መልስ ሰጥቶ ያልፈዋል። ለአንድ ዘበኛ ሊያወራ ሲሞክር ዘበኛው ከዚህ ሂድ ይለዋል። ማደሪያው ሲደርስ ውኃ ሊጠጣ የነቃ ወጣት ባለጋሪ ያገኛል፤ ወሬውን ሳይጨርስ ወጣቱ ተከናንቦ ይተኛል። በመጨረሻ ዮና ወደ ጋጣ ወርዶ ሁሉን ነገር ለፈረሱ ይነግራታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሽማግሌው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ የለም፤ ደግ ነው፣ ምስኪን ነው፣ አዛኝ ነው የሚል ቅጽል አይገኝም። ገጸ ባሕርይ ማለት በታሪኩ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው፣ የራሱ ጠባይና ፍላጎት ያለው ሰው ሲሆን፣ የሚቀረጽበት መንገድ ደግሞ ሁለት ነው፤ ወይ ተራኪው በቀጥታ ይናገራል፣ ወይም አንባቢው ከድርጊቱና ከንግግሩ ራሱ ይደርስበታል። ቼኾቭ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ዮና ሲሰደብ እንኳ የሚስቀው፣ ስድቡ ቢያንስ ሰው አጠገቡ እንዳለ ስለሚያሳውቀው ነው፤ አንባቢው ከዚህ አንድ ሳቅ የብቸኝነቱን ልክ ይረዳል። የበረዶው አወራረድም ከጌጥነት አልፎ ይሠራል፤ ሽማግሌውና ፈረሱ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ሳይንቀሳቀሱ መቆማቸው፣ በረዶውን ለማራገፍ እንኳ ልብ እንደሌላቸው ስለሚናገር፣ የአየር ጠባዩ የሐዘኑ መግለጫ ይሆናል። ትልሙ ደግሞ አንድ ሙከራን አራት ጊዜ ከመደጋገም በቀር ምንም የለውም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ድግግሞሽ የሚሰማው ሰው ከመኮንን ወደ ጎረምሳ፣ ከጎረምሳ ወደ ዘበኛ፣ ከዘበኛ ወደ የሥራ ባልደረባ እያለ በኑሮ ወደ ዮና እየቀረበ ስለሚመጣ፣ የቅርቡም ሰው ሳይሰማው ሲቀር ከሰው የሚጠበቅ ነገር ያበቃል። የፈረሷ ጆሮ ቀደም ብሎ በተሠራ ደረጃ ላይ የተገኘ ፍጻሜ ነው እንጂ አንባቢን ለማስለቀስ የተጣለ ስሜታዊነት አይደለም። ፎርስተር አንድ ጠባይ ብቻ ያላቸውን ገጸ ባሕርያት ጠፍጣፋ፣ የሚለወጡትንና የሚያስደንቁትን ድቡልቡል ብሎ ከፍሎ ነበር፤ በአጭር ልብ ወለድ ግን መኮንኑና ጎረምሶቹ ጠፍጣፋ መሆናቸው ጉድለት ሊባል አይገባም፤ እነሱ ሙሉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ዮና ቦታ ያጣ ነበር።

አንጻር ማለት ታሪኩ ከማን ዓይንና ከየትኛው ርቀት እንደሚታይ የሚወስን አላባ ነው። በአንደኛ መደብ "እኔ" እያለ የሚተርክ ገጸ ባሕርይ ቅርብ ቢሆንም እምነት የሚጣልበት ላይሆን ይችላል፤ ፖ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የአንድ ነፍሰ ገዳይ ታሪክ ውስጥ ተራኪው እብድ አለመሆኑን ለማስረዳት የሚያቀርበው እያንዳንዱ ማስረጃ እብደቱን የበለጠ ያጋልጣል። በሦስተኛ መደብ የሚተርክ ደግሞ የሁሉንም ሰው ልብ የሚያውቅ ሁሉን አወቅ ተራኪ፣ የአንዱን ሰው ልብ ብቻ የሚያውቅ ውሱን ተራኪ፣ ወይም የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ እንደ ካሜራ የሚመዘግብ ተራኪ ሊሆን ይችላል። አማርኛ በዚህ ላይ በብዙ ቋንቋዎች የማይገኝ ተጨማሪ ውሳኔ ይጠይቃል። "አሮጊቷ ከበሩ ላይ ቆመች" እና "አሮጊቷ ከበሩ ላይ ቆሙ" የሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች የሚናገሩት ድርጊት አንድ ነው፤ ተራኪው ከሴትየዋ ጋር ያለው ዝምድና ግን የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው እኩያ ወይም ታዛቢ፣ ሁለተኛው ልጅ ወይም ጎረቤት ሆኖ ይሰማል። ብዙ የአማርኛ ደራሲያን ይህን ምርጫ ሳያስቡበት ያደርጉታል፤ አንዳንዶቹም በታሪኩ መካከል ሳይታወቃቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ይህም አንጻሩን ያዛባዋል። አውቆ የሚጠቀምበት ደራሲ ግን ተራኪው አንቱ ይላቸው የነበሩትን ሰውዬ በአንድ ግሥ ወደ አንተ በማውረድ፣ ሰውየው ከተራኪው ዓይን መውደቁን ያለ ምንም ማብራሪያ ሊያሳይ ይችላል።

ይኸው የቋንቋ ጸጋ በቃለ ምልልስ፣ ማለትም በገጸ ባሕርያት ንግግር ላይ፣ ከዚህም የላቀ ጥቅም አለው። በአማርኛ ግሡ ራሱ የሚያናግሩትን ሰውና የሚነገርለትን ሰው ጾታ ወይም ክብር ስለሚይዝ፣ ለዓመታት ባሏን አንቱ ስትል የኖረች ሴት በአንድ ምሽት ጠብ ላይ አንተ ብትለው፣ የትዳሩ ታሪክ ከዚያች ቅጽበት በፊትና በኋላ ተብሎ ሊከፈል ይችላል። ጥሩ ቃለ ምልልስ ከሚናገረው ይልቅ የሚደብቀው ይበልጣል። አሜሪካዊው ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው፣ ስፔን ውስጥ በባርሴሎናና በማድሪድ መካከል ባለ ባቡር ጣቢያ የሚካሄድ አጭር ታሪክ ውስጥ፣ አንድ ሰውና አንዲት ወጣት መጠጥ እየጠጡ ስለ አንድ ቀዶ ሕክምና ይከራከራሉ፤ የሕክምናው ስም ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይጠራም። አንባቢው ጉዳዩ የፅንስ ማስወረድ መሆኑን የሚረዳው ሰውየው ቀላል ነገር ነው እያለ አብዝቶ ከመደጋገሙና ልጅቱ በመጨረሻ ዝም በል ብላ ከመለመኗ ነው። በሬዲዮ ድራማ የለመዱ ጸሐፊዎች ግን ገጸ ባሕርያት እርስ በርሳቸው የሚያውቁትን ነገር ለአድማጭ ሲሉ እንዲነጋገሩት የማድረግ ልማድ አላቸው፤ በታተመ ታሪክ ውስጥ ይህ ልማድ ወዲያው ያስታውቃል።

የቀረው ጭብጥ ነው፤ በትምህርት ቤት ከሁሉም በላይ የሚበደለውም እሱ ነው። ርዕሰ ጉዳይ ታሪኩ ስለምን እንደሆነ ሲናገር፣ ጭብጥ ታሪኩ ስለዚያ ጉዳይ ምን እንዳለ ይናገራል። የሞፓሳን ታሪክ ርዕሰ ጉዳይ የተዋሱት ጌጥ መጥፋት ነው፤ ጭብጡ ሲጠየቅ ግን ተማሪው በአንድ ምሳሌያዊ አነጋገር መልሶ ከንቱ ውዳሴ ያዋርዳል ብሎ ያልፋል። ደራሲው እንዲህ ለማለት ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ማቲልድን ጌጡ በጠፋበት ምሽት አዋርዶ ይተዋት ነበር። አሥሩን ዓመት በድካም እንድታሳልፍ ማድረጉ፣ በመጨረሻም ዕዳዋን ከፍላ ስትጨርስ በራሷ እንድትኮራ ማድረጉ፣ ታሪኩ ከንቱነትን ከመቅጣት በላይ የሚል ነገር እንዳለው ያሳያል፤ እውነትን ለመናገር ማፈር ከድህነት ይልቅ ውድ እንደሆነ፣ ሐቀኛ ድካምም በሐሰት ነገር ላይ ሊባክን እንደሚችል ይናገራል። የቼኾቭ ታሪክ ደግሞ ምንም አይመክርም፤ ሐዘን ሰሚ ካላገኘ የትም እንደማይሄድ ያሳያል፤ ያንን የሚያሳየውም በበረዶው፣ በተሳፋሪዎቹ ቅደም ተከተልና በፈረሷ እንጂ በንግግር አይደለም። ስለዚህ ጭብጥ ከሌሎቹ አላባውያን ጎን የሚቆጠር ሌላ አላባ ተደርጎ መቅረቡ አሳሳች ነው፤ ሌሎቹ ሥራቸውን አብረው ሲሠሩ የሚገኝ ውጤት ነው። ጭብጡን አስቀድሞ ጽፎ ታሪክ የሚፈልግለት ደራሲ ብዙውን ጊዜ ስብከት ይጽፋል።

ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1889 በጻፈው ደብዳቤ፣ ሊተኮስበት ያልታሰበ የጎረሰ ጠመንጃ መድረክ ላይ መቅረብ እንደሌለበት መክሮ ነበር። ምክሩ የተሰጠው ለተውኔት ቢሆንም ለአጭር ልብ ወለድ የበለጠ ይሠራል፤ ምክንያቱም በአጭር ታሪክ ውስጥ የተጠቀሰ ዕቃ ሁሉ በአንባቢው ዘንድ ሥራ አለው ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ሲባል ግን ታሪኩ ዕቃ ሁሉ የሚቆጠርበት ደረቅ ስሌት ይሁን ማለት አይደለም፤ ቼኾቭ ራሱ ከታሪኩ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የሌላቸው የሚመስሉ ትንንሽ ነገሮችን ይወድ ነበር፤ ልዩነቱ እነዚያ ትንንሽ ነገሮች የትልሙን ሥራ ባይሠሩ የስሜቱን ሥራ መሥራታቸው ነው።

ይህን ዝግጅት የተከታተሉ አድማጮች በቤታቸው ካለ መድበል ወይም መጽሔት አንድ አጭር ልብ ወለድ መርጠው፣ በመጀመሪያ ለደስታ ያህል ሳያቋርጡ ቢያነቡት፣ በሁለተኛው ንባብ ደግሞ እርሳስ ይዘው በየዐረፍተ ነገሩ ጎን የየትኛውን አላባ ሥራ እንደሚሠራ ቢጽፉበት ይመከራል። ሁለት ወይም ሦስት ስም የሚጻፍባቸው ዐረፍተ ነገሮች ታሪኩን የተሸከሙት ናቸው፤ ምንም ስም የማይገኝላቸውን ጣት ሸፍኖባቸው ማንበብና የሚጎድል ነገር መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ለመጻፍ የሚሞክሩ አድማጮችም ይህንኑ በራሳቸው ረቂቅ ላይ ያድርጉት፤ ሲያደርጉትም ከመጀመሪያው አንቀጽ ይጀምሩ።